ስካነሩ ከመግባቱ በፊት ውሉ ይነበብ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በአሜሪካ የሚገኙ የጥቁሮች ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በየምድር ቤቱ ተከማችቶ የኖረውን ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የተማሪ ጋዜጣና የድምፅ ክር ወደ ዲጂታል መቀየር ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ገንዘቡም እየመጣ ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሙርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማዕከል የጥቁር ጋዜጦች ስብስቡን ወደ ዲጂታል እንዲቀይር በ2022 የ2 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ አግኝቷል። ሃርቫርድም በ2023 ከጥቁሮች ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ኅብረት ጋር ለሚያካሂደው ሥራ 6 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ስካነሩ ገብቶ ከወጣ በኋላ የማኅደሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን የምናየው ስህተት አንድ ነው፤ ኮሌጁ ካርቶኖቹን ይዞ ይቀራል፣ ዋናዎቹን ፋይሎች ስካን ያደረገው ድርጅት ይዞ ይሄዳል።

ጉዳዩን ወደ አማርኛ ጋዜጣ ያመጣነው የእኛም ታሪክ በእነዚያ ካርቶኖች ውስጥ ስላለ ነው። በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን የመሠረቱት ዶክተር መላኩ በያን በሕክምና የተመረቁት ከሃዋርድ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከ1922 እስከ 1959 የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩት ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ተሸልመዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ቱስኪጊ የተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1954 ሃዋርድን ጎብኝተው የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። የእነዚህን ሰዎች ፈለግ የሚከተል ሁሉ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የተማሪ ጋዜጣን፣ የዓመቱን ተመራቂዎች መጽሔትና ስም ያልተጻፈበትን የቡድን ፎቶ ነው። ዛሬም በእነዚህ ግቢዎች የሚማሩ ልጆቻችን አሉ፤ ተመርቀው የወጡም አሉ፤ የቀድሞ ተማሪ ቃል ደግሞ በኮሌጅ ቦርድ ዘንድ ይሰማል።

ማኅደር ስንል ሦስት ነገር በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንዱ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። ሌላው የቅጂ መብቱ ነው። ሌላው ከስካነሩ የሚወጣው ፋይል ነው። የሦስቱ ባለቤት አንድ ላይሆን ይችላል፤ በአሜሪካ ሕግ ዕቃውን መያዝና የቅጂ መብቱን መያዝ ለየቅል ናቸው። አዲሰን ስከርሎክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስከርሎክ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ስቱዲዮውን በ1911 የከፈተውም ዛሬ ሐበሻው በደንብ በሚያውቀው በዋሽንግተኑ ዩ ስትሪት ላይ ነው። ስቱዲዮው ከተዘጋ በኋላ 250 ሺህ ያህሉ ኔጋቲቭና መዝገቡ በ1997 ወደ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ገባ። ስለዚህ የስከርሎክ ማኅተም ያረፈበት ፎቶ በአንድ ኮሌጅ ካርቶን ውስጥ ቢገኝ፣ ወረቀቱ የኮሌጁ ነው፤ ምስሉን ለሦስተኛ ወገን ለመፍቀድ ግን ማጣራት ይቀድማል። ይህን ሳያጣራ «መብቱ የእኔ ነው» ብሎ የፈረመ ኮሌጅ ነገ ከሳሽ ሲመጣ ኪሳራውን የሚሸከመው ራሱ ነው።

የጊዜ ገደቡን ማወቅም ይጠቅማል። ታትሞ 95 ዓመት ያለፈው ሥራ ከቅጂ መብት ነጻ ነው፤ በ2026 ይህ እስከ 1930 መጨረሻ የታተመውን ሁሉ ያጠቃልላል። ያልታተመ ፎቶ ከሆነ ስሌቱ ይለያል፤ አንሺው ከታወቀ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት፣ ካልታወቀ ፎቶው ከተነሳ 120 ዓመት ይጠበቃል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው። በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1999 ብሪጅማን በተባለው የክስ መዝገብ የሰጠው ውሳኔ፣ ከቅጂ መብት ነጻ የሆነን ሥዕል ምንም ሳይጨምሩ እንዳለ መቅዳት አዲስ የቅጂ መብት አይፈጥርም ይላል። ስለዚህ ለአብዛኛው የድሮ ሰነድ ኮሌጁን የሚጠብቀው የቅጂ መብት ሕግ አይደለም፤ ውሉና ዋናው ፋይል የተቀመጠበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ስለ ፋይሉ በዝርዝር መነጋገር ያለብን።

8 በ10 ኢንች የሆነ አንድ ፎቶ በ600 ፒክስል (የምስል ነጥብ) በኢንች ስካን ሲደረግ 4,800 በ6,000፣ ማለት 28.8 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። በባለ 24 ቢት ቀለም ሳይጨመቅ ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ 86.4 ሜጋባይት ነው። ዋና ፋይል የምንለው ይህን ነው። ከእሱ ተቀንሶ ለድረ ገጽ የሚወጣው ጄፔግ አንድና ሁለት ሜጋባይት ቢሆን ነው፤ ሲጨመቅ የተጣለው ዝርዝር ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ስልክ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። መጽሐፍ ላይ ለማተም፣ ግድግዳ በሚያህል መጠን ለኤግዚቢሽን ለማውጣት፣ ከኋላ የቆመውን ሰው ፊት አጉልቶ ለመለየት ግን የሚያገለግለው ቲፉ ብቻ ነው። ሥራውን የወሰደው ድርጅት ጄፔጉን አስረክቦ ቲፉን «ክላውድ ላይ አለላችሁ» ካለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ቦታ የለንም የሚለው ምክንያት አያስኬድም። 10 ሺህ ፎቶ ፊትና ጀርባው ስካን ቢደረግ 20 ሺህ ምስል፣ 1.73 ቴራባይት ይሆናል። ሦስት ቅጂ ቢያዝ 5.2 ቴራባይት ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል። ሁለቱ ቅጂዎች በተለያየ ዓይነት ማከማቻ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከግቢው ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ባለ እህት ኮሌጅ ዘንድ ይቀመጥ፤ አንድ ጎርፍ ወይም አንድ የቧንቧ ፍንዳታ ሁሉንም እንዳያገኛቸው ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም፣ ማለት የፋይሉ የጣት አሻራ የሆነ ቁጥር፣ በርክክቡ ቀን ወጥቶ ይመዝገብ። በየዓመቱ ተመልሶ ሲሰላ ቁጥሩ ከተለወጠ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ከሌላው ቅጂ ይተካል። ይህን የማያደርጉ ተቋማት ፋይሉ መበላሸቱን የሚያውቁት ከዓመታት በኋላ ሊከፍቱት ሲሞክሩ ነው፤ ያን ጊዜ የተበላሸው ቅጂ በደህናው ላይ ተገልብጦ ያድራል።

«ፊትና ጀርባው» ያልነው በምክንያት ነው። አንድ የምረቃ ፎቶ በእጃችሁ ያዙ እንበል። ፊቱ ላይ ነጭ ለብሰው በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ሴቶች አሉ። ገልበጥ ስታደርጉት በእርሳስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ስማቸው ተጽፏል፤ አንዷ ስም ላይ «ሞታለች» የሚል በሌላ እጅ ተጨምሯል። ከታች የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለጋዜጣ ሲዘጋጅ የተጻፈ የመቁረጫ ልክ። ቀኑን፣ ባለመብቱን፣ ሰዎቹን የሚነግራችሁ ጀርባው ነው። በምስል ቁጥር ሒሳብ የሚከፈለው ድርጅት ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጀርባውን አይቀዳም፤ ለእሱ ትርፍ ሥራ ነው። ቁጥር ሲሰጥም ካሜራው ያወጣለትን ተራ ቁጥር ይተዋል። ከዚያ 10 ሺህ ምስል በእጃችሁ ይገባና የትኛው ከየትኛው ካርቶን እንደወጣ የሚያውቅ ይጠፋል። የፋይሉ ስም የተቋሙን ምልክት፣ የስብስቡን፣ የካርቶኑን፣ የአቃፊውንና የዕቃውን ቁጥር በዚህ ቅደም ተከተል ይያዝ፤ የካርቶኑ ቁጥርም ሁልጊዜ በሦስት አሃዝ ይጻፍ፣ 7 ሳይሆን 007፣ አለዚያ ኮምፒውተሩ 10ን ከ2 ያስቀድማል።

የመሣሪያ ነገርም ቸል አይባልም። ወረቀት እየሳበ የሚያስገባ የቢሮ ስካነር በደረቀና በሚሰባበር ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ አንዴ ከተቀደደ አለቀ። የተጠረዘ መጽሐፍ ወገቡ እንዳይሰበር እንደ ሾጣጣ ሸለቆ በተሠራ መደገፊያ ላይ አርፎ ከላይ በካሜራ ይነሳል። በየቀኑ ሥራ ሲጀመር የቀለም መለኪያ ካርድ አብሮ ይቀዳ፤ ያለ እሱ የሰው ቆዳ ቀለም በአንዱ ሳምንት ቀይ፣ በሌላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በጥቁሮች ፎቶ ላይ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ፎቶን «ለማስተካከል» ተብለው የሚጫኑ አውቶማቲክ ማሳመሪያዎች ጠቆር ያለውን ፊት ዝርዝር አልባ ጥላ ሲያደርጉት በተደጋጋሚ ይታያል። ዋናው ፋይል ላይ ማሳመሪያ መከልከሉ በግልጽ ይጻፍ።

ፊልምና ድምፅ ወረፋውን መቅደም አለባቸው፣ ወረቀት ይታገሳል እነሱ አይታገሱም። የፊልም ቆርቆሮ ስትከፍቱ አቼቶ አቼቶ ከሸተታችሁ ፊልሙ እየበሰበሰ ነው፤ የሚተነው አሲድ ራሱ ብስበሳውን ያፋጥናል፣ አጠገቡ ያለውንም ይጎዳል። ለይታችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩትና ቅድሚያ ስጡት። እስከ 1951 ድረስ ከተሠራው ውስጥ ናይትሬት የሆነ ፊልም ሊኖር ይችላል፤ ከተቀጣጠለ አይጠፋም፣ ስለዚህ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከተሠሩት የድምፅ ክሮች አንዳንዶቹ እርጥበት ስበው ይጣበቃሉ፤ እንዲያው ቢጫወቱ ድምፁ ያለበት ሽፋን ተልጦ ማጫወቻው ላይ ይቀራል። መላው ሙቀቱ በሚለካ ምድጃ በ54 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለ8 ሰዓት ያህል ማድረቅና ሳይቆዩ መቅዳት ነው። የድምፅ ዋና ፋይል በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይቀዳል፤ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ 2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል።

በጀት ሲሠራ ሁሉም ሰው ስካነሩን ያስባል፣ መግለጫውን ይረሳል። አንድ ፎቶ ከአቃፊው ወጥቶ እስኪመለስ 4 ደቂቃ ብንይዝ በ6 የሥራ ሰዓት 90 ይሠራል፤ 10 ሺህ ፎቶ አንድን ሠራተኛ 111 ቀን ይፈጅበታል። ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ በምን አጋጣሚ የሚለውን ለመጻፍ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢሰጥ ግን 278 ቀን ነው። ይህ መግለጫ፣ ሜታዳታ የሚባለው፣ የማኅደሩ ግማሽ አካል ነው፤ ማን እንደሚጽፈውም ልዩነት ያመጣል። በሃዋርድ ከ1930 እስከ 1973 የሠሩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ዶሮቲ ፖርተር ሲጀምሩ ያገኙት፣ የጥቁሮች መጻሕፍት ሁሉ ዲዊ በተባለው የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ከሁለት ቁጥሮች ሥር ታጭቀው ነው፤ 325 ቅኝ ግዛት፣ 326 ባርነት። ግጥሙም ሕክምናውም እዚያው። እሳቸው ይህን አፍርሰው እያንዳንዱን መጽሐፍ በየሙያ ዘርፉ መደቡት። ዛሬ መግለጫው በጨረታ ለማያውቅ ሰው ወይም ለማሽን ብቻ ሲሰጥ «ያልታወቁ ጥቁር ሴቶች፣ በግምት 1930» የሚል ይወጣል፣ ስማቸው ጀርባው ላይ ተጽፎ እያለ። የከተማውን ሽማግሌዎችና የቀድሞ ተማሪዎችን ጠርቶ ፎቶ እያሳዩ ስም መጠየቅ ርካሹና ምርጡ ዘዴ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ፣ የደብዳቤያችን ዋና ጉዳይ እሱ ነውና። በነጻ ስካን እናድርግላችሁ ብሎ የሚመጣ ድርጅት ክፍያውን የሚያገኘው ከሌላ በኩል ነው፤ ይህ በራሱ ነውር የለውም፣ መጠኑና ዘመኑ ይታወቅ እንጂ። ረቂቁ ላይ «ዘላለማዊ»፣ «የማይሻር»፣ «አሁን በታወቀም ወደፊት በሚፈጠርም መንገድ ሁሉ» የሚሉ ቃላት ካያችሁ እዚያ ላይ ብዕራችሁን አስቀምጡ። ኮሌጁ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም፤ ፈቃዱም ለአንድ ወገን ብቻ የማይሆን መሆን አለበት። ድርጅቱ ብቸኛነትን የግድ ካለ ከ5 ዓመት አይለፍ፤ ቆጠራውም ውሉ ከተፈረመበት ቀን ይጀምር። «ድረ ገጽ ላይ ከወጣበት ቀን» ከተባለ ድርጅቱ ሳያወጣው 4 ዓመት ቢያቆየው 5 ዓመቱ 9 ይሆናል። ቲፉ፣ መግለጫው፣ በማሽን የተነበበው ጽሑፍና የቼክሰሙ ዝርዝር ስካኑ ባለቀ በ90 ቀን ውስጥ ለኮሌጁ ይግባ፤ ኮሌጁ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ የክፍያው የመጨረሻ 30 በመቶ፣ ከመቶ 5ቱ ምስል ተከፍቶ እስኪመረመር፣ ይያዝ። ዋናው ዕቃ ከግቢ አይውጣ፤ የግድ ከወጣ በዝርዝር ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበትና ኢንሹራንስ ተገብቶለት ነው። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሠልጠኛ ማዋል ያለ ሌላ የጽሑፍ ፈቃድ እንደማይቻል በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ፤ ዝም ያለ ውል እንደፈቀደ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የገቢ ድርሻ ካለ ከጠቅላላ ገቢው ይሰላ እንጂ «ከተጣራ ትርፍ» አይሁን፤ ትርፉን የሚያጣራው ሌላው ወገን ነው።

ድርጅቱ ሲሸጥ ምን ይሆናል የሚለው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ የሆነውን አንሴስትሪን ብላክስቶን የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ በ2020 በ4.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ታሪካዊ የጥቁር ጋዜጦችን በክፍያ የሚያስነብበው ፕሮኩዌስት በ2021 ለክላሪቬት ተሸጠ። የፎቶ ፈቃድ ሻጭ የነበረው ኮርቢስ የሰበሰባቸው ፎቶዎች በ2016 ለአንድ የቻይና ኩባንያ ተላለፉ። ከአንዱ ጋር ተስማምታችሁ ስትነቁ ከማታውቁት ጋር ናችሁ። የድርጅቱ ባለቤትነት ሲለወጥ ኮሌጁ በ60 ቀን ውስጥ ውሉን የማፍረስ መብት ይኑረው።

የተሻለ አሠራርም አለ። የፎቶ ፈቃድ የሚሸጠው ጌቲ ኢሜጅስ በ2021 ለጥቁሮች ኮሌጆች ባዘጋጀው የ500 ሺህ ዶላር የፎቶ ማኅደር ድጋፍ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ክላፍሊን፣ ጃክሰን ስቴት፣ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራልና ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ነበሩ። የቅጂ መብቱ በኮሌጆቹ እጅ እንደሚቀር፣ ከፎቶዎቹ ገቢ 50 በመቶው ለእነሱ፣ 30 በመቶው ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ፣ 20 በመቶው ለቀጣይ ድጋፍ እንደሚውል በይፋ ተነግሯል። (ይህ ድርጅት በ2019 የኤቦኒና የጄት መጽሔቶችን የፎቶ ማኅደር በ30 ሚሊዮን ዶላር ከገዙት መካከል ከነበረው ከጌቲ ትረስት የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።) ሌላ ኮሌጅ ሲደራደር ቢያንስ ከዚህ ቁጥር በታች ላለመውረድ ማስረጃ ይሆነዋል።

ድረ ገጽ ላይ መውጣት የሌለበትም አለ። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ የተማሪን የትምህርት መዝገብ ይጠብቃል፤ በድሮ አቃፊዎች ውስጥ ውጤት፣ የሕክምና ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተደባልቀው ይገኛሉ። ስካን ይደረግ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ኮሌጁ ራሱ ቢቸገርስ? ፊስክ ዩኒቨርሲቲ በ1949 በስጦታ ካገኘው የፎቶግራፍ አንሺው የአልፍሬድ ስቲግሊትዝ የ101 የሥነ ጥበብ ሥራዎች ስብስብ ግማሽ ባለቤትነቱን ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በ2012 በ30 ሚሊዮን ዶላር ለሌላ ሙዚየም ለመሸጥ ተገዷል። በቨርጂኒያ የነበረው ሴንት ፖልስ ኮሌጅ በ2013 ተዘግቷል። ስለዚህ ማኅደሩ ለብድር መያዣ እንደማይሆን፣ ኮሌጁ ቢዘጋም ዕቃውና ዋናው ፋይል ለየትኛው እህት ተቋም እንደሚተላለፍ በሰላሙ ጊዜ በቦርድ ውሳኔ ይጻፍ። አበዳሪ በር ሲያንኳኳ የተጻፈ ውሳኔ ፍርድ ቤት ላይ ላይጸና ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ለንደን ናቸው፤ የአንዳንዶቹን ምስል ዛሬ ከስልካችን ላይ ማየት መቻላችን መጽሐፉን የእኛ አላደረገውም። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ ግን አንዱ ቅጂ በሚኒሶታ፣ ሌላው በአዲስ አበባ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባላችን ወራሹ ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ያን የሚናገረው ውሉ ነው።

ከእነዚህ ኮሌጆች የተመረቃችሁ ወይም ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አንድ ኢሜይል ጻፉና ቲፎቹ የት እንዳሉ፣ ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ውሉ ቀድሞ ተፈርሞ ከሆነም አልረፈደም። የተፈረመው ቅጂ ይፈለግ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቤተ መጻሕፍቱ ሳይሆን በግዢ ክፍል ወይም በጠበቃው ዘንድ ነው። ስለ ዋና ፋይሎች ምንም ካልተጻፈበት ኮሌጁ ቅጂውን በደብዳቤ ይጠይቅ፣ ለማጓጓዣው ሃርድ ዲስክም ራሱ ይላክ። ድርጅቶች የሥራ ፋይሎቻቸውን በየጊዜው ያጸዳሉ፤ ቲፉ ከተሰረዘ ካርቶኖቹን እንደገና ከፍቶ ያንኑ 111 ቀን መድገም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰነድ ጥበቃና ዲጂታል ሥራ ላይ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ